አዲሱ አይገባም፣ አሮጌው አይሞትም፦ የላንድክሩዘር መለዋወጫ ነገር ወዴት እየሄደ ነው?

የመኪና ነገር ሲነሳ አሁን አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ቻርጅ የት ይደረጋል፣ ባትሪው ስንት ዓመት ይሄዳል፣ የቱ የቻይና ብራንድ ይሻላል... ይወራ፣ መወራቱ ጥሩ ነው። ግን ከአዲስ አበባ ትንሽ ወጣ በሉና ኮረኮንች መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፈውን ተመልከቱ። ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ፣ ቱሪስት ይዞ ወደ ዳናኪል የሚወርደው፣ የክትባት ሳጥን የጫነው፦ ብዙው አሮጌ ላንድክሩዘር ወይ ሃይሉክስ ነው። አንዳንዱ ሾፌሩን በዕድሜ ይበልጠዋል።

ይሄን መኪና የሚተካ ነገር በገጠር መንገድ ላይ ገና አልታየም። አዲሱ ደግሞ እንዳይገባ ተዘግቷል። ታዲያ እነዚህ አሮጌ ፎር ባይ ፎሮች መለዋወጫ ከየት ያገኛሉ? በስንት? ያገኙትስ ዕቃ እውነተኛ ነው ወይ?

ነገሩ በአንድ ቀን እዚህ አልደረሰም። መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ መጣ። አዋጁ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ሐሳቡ አገሪቱ የአሮጌ መኪና መጣያ እንዳትሆን ነበር፣ ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን አዋጁ አዲስ አሮጌ እንዳይገባ እንጂ እዚህ ያለው አሮጌ እንዲወጣ አላደረገም። እንዲያውም እዚህ ያለው ተወደደ። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

ሶስቱን ደምሩት። መኪናውን መቀየር አይቻልም፤ መጠገን ግዴታ ሆኗል፤ የመጠገኛው ዕቃ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚናደድበት አንድ ነገር አለ። ነጋዴው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠውን ዕቃ የገዛው በድሮው ዶላር ሊሆን ይችላል። ዋጋ የሚቆርጥለት ግን በገዛበት ሳይሆን ነገ ተመልሶ በሚገዛበት ነው። በድሮው ቢሸጠው በሽያጩ ገንዘብ ተመሳሳዩን ዕቃ መልሶ ማስመጣት አይችልማ። ስግብግብነት የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። ግን ሁሉንም በስግብግብነት ብቻ ካየነው ዋጋው ለምን እንደማይወርድ አይገባንም።

እንግዲህ በዚህ ዋጋ ግምት አያዋጣም። ብዙ ጋራዥ ያለውን አሠራር ታውቁታላችሁ። መካኒኩ ሞተሩን ሁለት ደቂቃ ያዳምጣል፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ "ፖምፓው ነው" ይላል። ፖምፓው ይወርዳል፣ ብር ይወጣል፣ ጭሱ እዚያው አለ። "እንግዲያው ኖዝሉ ይሆናል" ይባላል። እሱም ይቀየራል። በመጨረሻ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ሆኖ ይገኛል። ዕቃ ርካሽ በነበረ ጊዜ "እየቀያየሩ መፈለግ" የሚባለው ዘዴ ይቻል ነበር። አሁን አንድ የተሳሳተ ግምት የወር ደሞዝ ይበላል።

እስቲ አገራችን ላይ በጣም የምናውቀውን እንውሰድ። ላንድክሩዘር 70 የሚባለው ቤተሰብ፣ ማለትም እኛ ሃርድቶፕ የምንለውና ፒክአፑ፣ በዓለም ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከ1990 ጀምሮ የገባለት 1ኤችዜድ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተርም የለውም። ጥሩነቱም እዚህ ላይ ነው። ጆሮ፣ አፍንጫና ትዕግሥት ያለው ሰው ብዙውን ችግር ያለ ማሽን ሊያገኘው ይችላል።

ከጭሱ ጀምሩ። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ ካለው አየር በላይ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ርካሹ ነገር፣ የአየር ፊልትሮው ነው። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይሄን በቀጥታ ይቀምሰዋል። አንዳንድ ፖምፓዎች ለከፍታ ነዳጅ የሚቀንስ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል፣ ብዙዎቹ ደግሞ የላቸውም፣ ወይም ተነካክቶ ተበላሽቷል። እንጦጦ ላይ የሚያጨስ መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ጭሱን ከተወ ፖምፓ ለማስፈታት አትቸኩሉ።

ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው። ጠዋት በብርድ የሚወጣ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ዓይን የሚያቃጥልና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ግሎው ፕላጎቹን ጠርጥሩ። በተራ መልቲሜትር ይለካሉ፤ ጤነኛው አንድ ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል፣ የሞተው ምንም አያሳይም። ሁሉንም ስድስቱን ከመቀየር የሞተውን ለይቶ መቀየር ይቻላል። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለውና የራዲያተር ውሃ ያለ ምንም ፍሳሽ የሚቀንስ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ራሱ ቴስታታው ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ አድሮ በቀዘቀዘ ሞተር ክዳኑን ከፍቶ ሲያስነሱት ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይፈላል። በሙቁ ግን ክዳኑን እንዳትነኩት፣ ፊት ያቃጥላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። "ሞተር ይወርድ" ከመባሉ በፊት ግን የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ተለክቶ ቁጥሩ በወረቀት ይሰጣችሁ። ኮምፕሬሽን ሳይለካ ሞተር አውርዱ የሚል ጋራዥ ቢያጋጥማችሁ እኔ በበኩሌ ቁልፉን ተቀብዬ እወጣለሁ።

ሌላው የተለመደ ቅሬታ "ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት አልነሳም አለ" የሚለው ነው። ባትሪውና ሞተሪኖው ደህና ሆነው ረጅም ጊዜ ካሽከረከረ በኋላ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ሌሊት ላይ አየር ወደ ነዳጅ መስመሩ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ፊልትሮው ላይ በእጅ የሚጫኑት ትንሽ ፓምፕ አለ። ጠዋት ሳታስነሱ ተጫኑት። ለስላሳ ሆኖ ቆይቶ ከብዙ ጭኖሽ በኋላ ከጠነከረና ከዚያ መኪናው ወዲያው ከተነሳ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ ማለት ነው። አሮጌ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ክላምፕ፣ የፊልትሮው ጎማ... የሚያወጣው ብር ትንሽ ነው። ይሄንኑ ሳያዩ ፖምፓ ያስወረዱ ስንት ናቸው።

ሙቀት ላይ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለን፦ መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል። "እኛ አገር አያስፈልግም" ይባላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ውሃ መክፈት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው በአቋራጭ እንዳይመለስ የሚዘጋውም እሱ ነው። ሲነቀል የተወሰነው ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ጭነት ላይና አቀበት ላይ የባሰ ይሞቃል ማለት ነው። ፕራዶ 90 ላይ የሚገኘው 3.0 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ፣ 1ኬዜድ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል እየተባለ ስሙ ጠፍቷል። ቴስታታው ሙቀት አይወድም፣ እውነት ነው። ግን ውሃው ተራ የቧንቧ ውሃ ሆኖ፣ ራዲያተሩ ታፍኖ፣ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ስንት ይታገሳል? አዲስ ቴስታታ ገዝቶ ማቀዝቀዣውን ሳያስተካክሉ መግጠም ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት ነው።

ፊት እግሩ ላይ ባለሙሉ አክስሉን ላንድክሩዘር የሚያሽከረክር ሰው ሁለት ምልክት ይያዝ። መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ሲነዳ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ካለ የሰሚያሱ ጆይንት አልቋል። የፊት ጎማው ከኋላ በኩል ያለው ትልቅ የብረት ኳስ ቀጭን ጥቁር ቅባት ካለቀሰ ደግሞ የውስጡ ኦይል ሲል ተበልቶ የዲፍረንሻል ዘይት ከግራሶው ጋር እየተቀላቀለ ነው። ሁለተኛው አሁን በሲል ይድናል፤ ከቆየ ወደ አንደኛው ይቀየራል። ስለ መሪ መንቀጥቀጥ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ባጭሩ የመሪውን አሞርዛተር መቀየር ብዙ ጊዜ በሽታውን ደብቆ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። ጎማው በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ኩሽኔታው ነው የሚታየው። ግራና ቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ ደግሞ ቴስቲናው። የጎማ ባላንሱንም አትርሱ።

ስልካችሁ ላይ ስለሚሠራው የኮምፒውተር ማንበቢያ የምትጠይቁ አላችሁ። ብሉቱዝ ያለው ትንሿ መሣሪያ ለአዳዲሶቹ ትሠራለች፤ 1ኤችዜድ ላይ ግን የምትነበብ ነገር አታገኝም። በመሃል ያሉት፣ እንደ 1ኬዜድ ያሉት፣ የራሳቸው ዘዴ አላቸው፦ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለችው የምርመራ ሳጥን ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ የችግሩን ቁጥር ይቆጥራል። ቀዳዳውን ሳያረጋግጡ ግን ሽቦ እንዳታስገቡ።

በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው ገበያው የሚመጣው። እዚህ ላይ ወጣቱ ከአሮጌው መካኒክ የሚበልጥበት ነገር አለ፣ ስልክ አለው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ "የሃርድቶፕ የፊት ሸራ አለ?" ብሎ መጠየቅ የድሮ አገዛዝ ነው። ሃርድቶፑ ስንት ዓመቱ ነው? ፊቱ ባሌስትራ ነው ወይስ ሞላ? ሻጩ የቀረበውን አንስቶ "ይሄው ነው" ይላችኋል። ከዚያ ይልቅ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፤ የሞዴሉ ሙሉ ኮድና የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። በሻንሲ ቁጥሩ ትክክለኛው የዕቃ ቁጥር ይገኛል።

የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አሥር ቦታ አለው፣ አምስትና አምስት ሆኖ በሰረዝ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፣ የኋለኞቹ የየትኛው መኪና እንደሆነ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው። 17801 የአየር ፊልትሮ። 23390 የናፍጣ ፊልትሮ። 48511 የፊት አሞርዛተር፣ 48531 የኋላ። ይሄን ያወቀ ሰው ሻጩ የኋላውን የፊት ነው ብሎ ሊሰጠው አይችልም። ቁጥሩን በቴሌግራም ለአምስት ሱቅ ልካችሁ አምስት ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ቁጥር ከሌለ ግን የምታገኙት አምስት የተለያየ ዕቃ ነው።

"ኦርጅናል" የሚለው ቃል ገበያው ውስጥ ትርጉሙን ጨርሷል። ሻጩ "ኦርጅናል ታይዋን" ሲላችሁ መሳቅም ማልቀስም ያምራችኋል። በእውነት ግን ደረጃዎቹ የተለያዩ ናቸው። በቶዮታ ካርቶን የሚመጣው አለ። ለቶዮታ ራሱ የሚያመርቱ ኩባንያዎች በራሳቸው ካርቶን የሚሸጡት አለ፦ ዴንሶ፣ አይሲን፣ ካያባ፣ ኮዮ የመሳሰሉት። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይረክሳል፣ ጥራቱም አያሳፍርም። ከዚያ የታወቀ ስም ያላቸው ሌሎች አሉ፤ ለቴስቲና ጃፓኑ 555 ለምሳሌ። ቀጥሎ ስም የለሹ። ስም የለሽ ሆኖ ርካሽ መሆን ነውር አይደለም፣ ምን እንደገዛችሁ ታውቃላችሁ። ነውሩ አምስተኛው ነው፦ ስም የለሹን የቶዮታ ወይም የዴንሶ ካርቶን ውስጥ ከትቶ በእውነተኛው ዋጋ መሸጥ።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃን በካርቶን ብቻ መለየት ከባድ እየሆነ ነው፣ ካርቶኑን አሳምረው ያትሙታል። የድሮውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ክብደቱን በእጅ መዝኑ፣ ዕቃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፣ የፊደሎቹን ጥራት ተመልከቱ። እኔ ለራሴ የማወጣው መስመር ግን ይሄ ነው፦ ፍሬን፣ መሪና የፊት እግር ላይ ስም የለሽ ዕቃ የለም። የፓራውልት መያዣ ከቻይና ይምጣ፣ ምንም አይደል። የውሸት የናፍጣ ፊልትሮ ፖምፓ ይገድላል፤ ጎሓ ጽዮን ወርዶ አባይ በረሃ ላይ የሚከዳ የፍሬን ሸራ ግን የሚገድለው ሰው ነው።

ያገለገለ ዕቃስ? ላንድክሩዘር ላይ እውነተኛ ያገለገለ ዕቃ ከአዲስ የውሸት ዕቃ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ካምቢዮ፣ ዲፍረንሻል፣ በር፣ ቸርኬ ከፈረሰ መኪና ቢገዛ አይከፋም። ችግሩ የፈረሰው መኪና በባለቤቱ ፈቃድ ነው ወይ የፈረሰው የሚለው ነው። ማታ የተፈታ ስፖኪዮ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄዶ መልሶ መግዛት የአዲስ አበባ ቀልድ ሆኖ ቆይቷል፣ ሁላችንም ስቀንበታል። ዕቃው ሲወደድ ግን ሌብነቱም አብሮ ዋጋ ያገኛል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ደግሞ በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል። ሻጩ ስሙንና ስልኩን ያለበት ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ጥያቄው ተመልሷል።

ውጭ ያለ ዘመድም አንድ መንገድ ነው፣ ግን የቱ ዘመድ እንደሆነ ለዩ። አሜሪካ ያለው የአክስታችሁ ልጅ "ቶዮታ እዚህ ሞልቷል" ይላችኋል። ሞልቷል፣ ግን ላንድክሩዘር 70 አሜሪካ በዘመኑ እንደ አዲስ መኪና አልተሸጠም፤ እዚያ የተሸጡት 80 እና 100 ደግሞ የቤንዚን ናቸው። የ80 የፊት እግር ወይም የፍሬን ዕቃ ሊያገኝላችሁ ይችላል፣ የ1ኤችዜድ ሞተር ዕቃ ግን ሱቁ ሰው ሞተሩን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። ኤምሬትስ ያለው ወንድማችሁ ይሻላል። 70ው እዚያ ይሸጣል፣ ሻርጃ ደግሞ በያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ሰፈሯ የታወቀች ናት። እዚያም ግን የቤንዚን ሞተር ስለሚበዛ የሻንሲ ቁጥሩን ሳትልኩለት አትላኩት። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ትንሽ ዕቃ ነው፦ ሲል፣ ኖዝል፣ ኩሽኔታ። ለቴስታታ ጉምሩክ አለ።

ወደ መንግሥት ውሳኔ ልመለስ። የነዳጅ መኪና የተከለከለበት ዋና ምክንያት በየዓመቱ ለነዳጅ የሚወጣው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው ተብሏል። ምክንያቱ ያስኬዳል። ግን አሮጌ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚበላው በዕድሜው ብቻ አይደለም። የታፈነ ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ የያዘ ፍሬን፣ እነዚህ ሁሉ ነዳጅ ናቸው። ፊልትሮና ኖዝል በተወደደ ቁጥር ባለቤቱ መቀየሪያ ጊዜውን ያሳልፋል፣ መኪናው ያንኑ መንገድ በብዙ ነዳጅ ይሄዳል። ስለዚህ ነዳጅ ለመቆጠብ የተዘጋው በር በመለዋወጫው በኩል ነዳጅ እያስባከነ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮ፣ ኖዝልና የፍሬን ዕቃ ከጌጣጌጥ ዕቃ ተለይተው በቀረጥ ቢታዩ፣ ወደብ ላይም ጥራታቸው ቢፈተሽ፣ ከኤሌክትሪክ እቅዱ ጋር የሚጋጭበት ምክንያት አይታየኝም። ኤሌክትሪኩ ገጠር እስኪደርስ ድረስ አምቡላንሱ ይሄው ነው።

በመጨረሻ የድርጅት ጨረታ ለምትከታተሉ። ኮድ 35 ሃርድቶፖች ሲወጡ ሰው የሚያየው ቀለሙንና ኪሎ ሜትሩን ነው። ኪሎ ሜትር ይመለሳል። ጥያቄያችሁ የጥገና መዝገቡ ይሁን፤ ብዙ ድርጅቶች ይይዙታል፣ ቢጠየቁም ያሳያሉ። ቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ስም ሲዞር የሚከፈለውን አስቀድማችሁ አስሉ፣ ከጨረታው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። 1ኤችዜድ የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ገና መኪናውን ከግቢ እንዳወጣችሁ ቀይሩት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ገበያ የምትወጡት ለአንድ ቺንጋ ሳይሆን ለግማሽ ሞተር ነው።